ዱጋሳ ስለታሰረበት ነገር

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ውዴ፤ ጂንካ።

እትዬ ውዴ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ፀሐዬስ ከአልጋ ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ? ትንሹ ባርኮት ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ቤቱ፣ ጓሮው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ቆሜ ከመሄዴ በቀር ደህና ነኝ የሚያሰኝ ነገር የለኝም፤ ቢሆንም ስላቆመኝ አምላክ ስሙ ይመስገን። ስለ ሃኒ ጤና እዚህ ላይ ያልጠየቅሁሽ ልጅሽን ረስቻት አይደለም። እደርስባታለሁ።

ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ ታገሺኝ። እስከ ዛሬ ከኔ ዘንድ የደረሱሽን ደብዳቤዎች ሁሉ እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው ሃኒ ነበረች። ይሄንን ግን በመሠረተ ትምህርት የያዝኳትን ፊደል እየለቀምኩ ራሴ ነኝ የምጽፈው፤ አንዱን መስመር ስጨርስ እያረፍኩ ቀናት ወስዶብኛል። ለሰው ላስጽፍ አስቤ ነበር። ግን እዚህ ሰፈር ማን ምን እንደሰማ፣ ሰምቶም ለማን እንደሚያወራ አላውቅም። ስልኩም ያው ነው። ባለፈው ስደውል ጋሼ ፀሐዬ አንሥተው "ሃኒ ገበያ ወጥታለች" አሉኝ። ከበስተኋላቸው ግን ስታስል ሰማኋት። ከኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓመት የኖረች ልጅ ናት፤ ሳሏን አልስተውም። ከዚያ አንቺ ተቀበልሻቸውና ስለ በቆሎ ዋጋ አወራሽኝ። እትዬ፣ እኔና አንቺ ከተወለድን ጀምሮ ስለ በቆሎ ዋጋ አውርተን እናውቃለን?

ጋሼ ፀሐዬ ታመውብሽ ለልጄ ለአካሉ ቀብርም ለአርባውም መምጣት ስላልቻልሽ ነገሩን የምታውቂው ከስልክ ቁርጥራጭ ነው። ወይም ሃኒ ከነገረችሽ ነው። የነገረችሽን አላውቅም። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ከሥሩ ላምጣልሽ።

አካሉ መገናኛ ስልክ መጠገን ከጀመረ ወዲህ ሳይጫጫነው የሚውል፣ ሳቂታ ልጅ ሆኖልኝ ነበር። እናት መቼም መጠርጠር አትተውም፤ ዘመኑን አይቼ ጠርጥሬዋለሁ። ግን ሱስ ሲባል እኔ የማውቀው ጫት ነው፣ ሲጋራ ነው፣ እነዚያ ፖሊስ በር የሚሰብርባቸው ሺሻ ቤቶች ናቸው። ልብሱን ከማጠቤ በፊት አሸተው ነበር። ከንፈሩን አያለሁ፣ ጥፍሩን አያለሁ። ምንም የለም። ልቤን ጣልኩበት። ለካ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ሞቅ እንዲላቸው ክኒን በለስላሳ ይውጡ ኖሯል። ሐኪም ለሕመም የሚያዘው፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ግን መሸጡ የተከለከለ፣ በየጥጉ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ክኒን ነው። ክኒን ምን ሽታ አለው? ምን ብዬ ልያዘው?

ያወቅሁት ሲያጣው ነው። እንቁጣጣሽ ሊገባ ሲል መገናኛ ላይ አፈሳ ተደርጎ ሻጮቹ ሲያዙ፣ ሰፈሩ "እሰይ፣ ተጠራረጉ" ብሎ ደስ አለው። እኔም ደስ ካላቸው አንዷ ነበርኩ። በማግስቱ አካሉ ከሥራ ቀረ። ያዛጋል፣ ያዛጋል፤ አፍንጫው ይፈሳል፤ ላባው እንደተነጨ ዶሮ ቆዳው ሽፍ ይላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቁርጥማቱ ሲብስበት ግድግዳውን በጭንቅላቱ ይመታል። ጎረቤት እየገባ እየወጣ አየውና ፈረደ። "ይሄ የአባቱ ወገን ነገር ነው፤ የሟች አባቱ ዛር ልጁን ፈልጎ መጣ" ተባለ። ሃኒ ብቻ "እቴቴ፣ ይሄ የመድኃኒት ነገር ነው፤ ሐኪም ቤት እንውሰደው" አለች። እኔ እንቢ አልኩ። ሐኪሞቹ ስሙን መዝግበው ለፖሊስ ይሰጡታል ብዬ ጠረጠርኩ። የመድኃኒት ቤት ትምህርት እየተማረች ስለሆነ ሁሉ ነገር ክኒን ይመስላታል ብዬም ናቅኳት።

እንጦጦ ከጫካው በላይ ካለችው ትንሽ ጠበል ወሰድነው። አጥማቂው አባ ዘመንፈስቅዱስ ይባላሉ፤ መልካም አባት ናቸው፣ በሳቸው የማዝነው ነገር የለኝም። ከጠበሉ አጠገብ ለጠበልተኛ የሚከራዩ የጭቃ ክፍሎች አሉ። እነሱን የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ አቅም ያጣውን አዝሎ የሚያወርድ አንድ የእንጦጦ ገበሬ ልጅ አለ። ዱጋሳ ይባላል። ይሄን ስም ያዢልኝ፤ ደብዳቤውን የምጽፍልሽ በሱ ምክንያት ነው። አካሉ ወደ ከተማ እንዳይሮጥ በሰንሰለት ይታሰር ሲባል እንደሌሎቹ ሁሉ ያሰረው እሱ ነው። ሲያስረው ግን በሰንሰለቱና በቁርጭምጭሚቱ መሐል ጨርቅ ጠመጠመለት። እኔ ያን ጊዜ ይሄን እንደ ደግነት አላየሁትም። ምን ፈልጎ ነው ብዬ ነበር።

በጠበሉ አካሉ ይጮህ ነበር። አባ መስቀሉን ጭነውበት "ስምህ ማነው? ምን ትፈልጋለህ?" ሲሉት፣ "ስጡኝና ልሂድ! ክኒኔን ስጡኝ!" ይላል። ሰው ሁሉ ጋኔኑ ነው የሚናገረው ብሎ ያማትባል። አንዲት ከየካ አባዶ የመጡ ቀልደኛ ጠበልተኛ ሴትዮ "አይ ዘመን! ድሮ ዛር የሚያዘን ጥቁር ዶሮ ነበር፤ የዘንድሮው ፋርማሲ ይልከን ጀመር" ቢሉ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የልጄ ድምፅ መሆኑ እንዴት እንዳልገባኝ አሁን ሳስበው እገረማለሁ። ከነስሙ፣ ከነቋንቋው ልጄ ነበር የሚናገረው።

ሃኒ ከትምህርት ስትወጣ በታክሲ መጥታ የቀረውን ዳገት በእግሯ ትወጣለች። ሰንሰለቱ የላጠውን እግሩን እያየች ታለቅሳለች። አንድ ቀን "እቴቴ፣ አንድ ቀን እንኳን እንቅልፍ ይወስደው አትይም?" አለችኝ። እንቅልፍ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው አልኳት። በማግስቱ በወረቀት የተቋጠረ እምነት ይዛ መጣች። "ከሩቅ ገዳም የመጣ ነው፤ የክፍሌ ልጅ አያት ናቸው የሰጡኝ" አለችኝ። ከሌላው የቤተ ክርስቲያን አመድ ነጣ ይላል። እጄ ላይ ስታስቀምጥ፣ "በጠበል በጥብጠሽ ስጪው፤ ግን ከማንኪያ ጫፍ አታሳልፊ፤ ጠዋትና ማታ ብቻ" አለችኝ። እኔም በሆዴ፣ ይቺ ልጅ ደግሞ በረከትን እንደ ሽሮፕ ትለካለች እንዴ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን በማንኪያ ጫፍ ሰጠሁት። እትዬ፣ ተአምር አየሁ ብዬሽ ነበር በስልክ፤ ትዝ ይልሽ እንደሆነ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ላቡ ደረቀ። በላ። ጠበልተኛው እልል አለ፤ "ለቀቀው! ለቀቀው!" እየተባለ ሰው ከየክፍሉ ወጣ። አባም ሰንሰለቱ ይፈታ አሉ። አካሉ ባዶውን ኩባያ አገላብጦ አየና፣ "እማዬ፣ ይሄ እምነት ከየት ነው?" አለኝ። ከሩቅ ገዳም ነው አልኩት። ትንሽ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም፤ ግን ስንት ጊዜ ያልሳቀ ልጅ ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ከመስጠቴ በፊት ራሱ ጠየቀኝ። እምነት አልጠጣም ብሎ ኩባያ ይወረውር የነበረ ልጅ ራሱ ሲጠይቅ የእናት ልብ ምን ይሆናል?

በሦስተኛው ቀን ሃኒ ፈተና ነበረባትና አልመጣችም። አካሉ "እማዬ፣ ጨምሪልኝ" አለኝ። እንግዲህ ለበረከት ልክ አለው? የአምላክን ነገር ማን ይለካል? ማንኪያውን ሞልቼ አንድ ጊዜ፣ ደግሞም ሁለተኛ ጨመርኩለት። በጠበል በጥብጬ፣ አማትቤ፣ በእጄ አጠጣሁት። ጋቢ ላይ ተኛ። ከረፋድ ጀምሮ ተኛ።

ቀኑ እኩል ሲሆን ዱጋሳ ውኃ ይዞ ሲያልፍ ቆመና አየው። "እማማ፣ ይሄ ልጅ አተነፋፈሱ አላማረኝም። ይቀስቅሱት" አለኝ። ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው፣ ተወው ይረፍበት አልኩት። "እኔ ላርከፍክፍበት?" አለ። እጅህን እንዳታነሣበት ብዬ ተቆጣሁ። ለካ ደጋግሞ በበሩ ያልፍ ኖሯል። ለሠርክ ጸሎት ሲደወል አካሉን ልቀሰቅሰው እጁን ያዝኩ። እጁን ያዝኩ፣ እትዬ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

አስከሬኑ ሐኪም ዘንድ ታየና በሆዱ ያንን የተከለከለ ክኒን ማግኘታቸውን ነገሩን። በሰንሰለት የከረመ፣ ሲፈታም ከዓይኔ ያልራቀ ልጅ ክኒን ከየት አመጣ? ያን ጊዜ ጥርጣሬ ገባብኝ፤ ገብቶም አልወጣም። ጓደኞቹ ለልቅሶ ሲመጡ ኪሳቸውን አያለሁ። በድንኳኑ ውስጥ እንባ የሚያፈሰውን ሁሉ ከልቡ ነው ወይስ ለማስመሰል እላለሁ። ሰውም እኔን ይጠረጥር ነበር። "በሰንሰለት አስራ ገደለችው" ሲባል በጀርባዬ ሰምቻለሁ። ሲጨንቀኝ ጣቴን የምቀስርበት ሰው ፈለግኩ። ዱጋሳ "ይቀስቅሱት" ማለቱ ትዝ አለኝ። እሱ ራሱ ካልሰጠው በምን አወቀ? አልኩ። ልጄን አስተውሎ ያየው አንድ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ጠረጠርኩት። ይታይሽ።

በዚያው ሰሞን ወረዳው ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰብሳቢው አደንዛዥ ዕፅ የልማትና የመልካም አስተዳደር ፀር ነው አሉ፤ አጨበጨብን። የልጄን ስም ሳይጠሩ "አንድ አምራች ወጣታችን" አሉ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "መርዙ ከላይ ከጫካው ነው የሚወርድልን" ብለው ወደ እንጦጦ ጠቆሙ፤ ደግሞ አጨበጨብን። ያጠራጠረውን ሰው ያየ ሁሉ ለአንድ ለአምስት ጠርናፊው ይንገር ተባለ። መናገር የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ ያየ ግን አልነበረም። ፖሊሶች የዱጋሳን ክፍል ሲፈትሹ የአካሉን ጃኬት አገኙ። እሱ "ብርድ ሲመታኝ አይቶ ራሱ አለበሰኝ" አለ። ማን ይመነው? ለክኒን የከፈለው ነው ተባለ። ጊዜውም እንደምታውቂው ወጣት ለመያዝ ምክንያት የማይጠፋበት ጊዜ ነው፤ ስሙም፣ መንደሩም ለጥርጣሬ የቀረበ ሆነ። እኔን ጠርተው ሲጠይቁኝ፣ "ልጄ እንደሚሞት ያውቅ ነበር" አልኩ። ይሄው ቃሌ ተጽፎ ልጁ እስር ቤት አለ።

ያን ዕለት ማታ ለሃኒ ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀምስ አለች፤ ሐዘን ነው አልኩ። ወንድሟ ነበርና ሐዘን ነው ብዬ እኔው አባበልኳት።

አርባው በወጣ በሁለተኛው ቀን ኅዳር ሲታጠን እንደ ልማዱ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ አነደደ። ቀበና በጭስ ታፈነች። ከጎን ያለችው ለተጊዮርጊስ አራስ ልጇን ታቅፋ መጣች፤ ሕፃኑ ጭሱ ይዞት ትንፋሽ ሲያጥረው ሳይ የአካሉ እምነት ትዝ አለኝ። ከወረቀቱ የተረፈውን ከሥዕሉ ሥር አስቀምጬው ነበር። አወጣሁት። በጣቴ ቆንጠር አድርጌ ወደ ሕፃኑ አፍ ሳስጠጋ ሃኒ ከጓዳ ዘላ ወጣችና እጄን መታችው። "አይሆንም! እቴቴ አይሆንም! ሕፃን ነው!" ብላ ጮኸች። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ለተ ደንግጣ ልጇን ይዛ ወጣች። እኔ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ልብሷን ሰብስባ ሄዳለች።

ወረቀቱ በተበተነበት ማታ ግን፣ ሃኒ ጓዳ ገብታ ብቻዬን ስቀር፣ በጣቴ ላይ የቀረውን ላስኩት። እምነት አፈር አፈር፣ አመድ አመድ ነው የሚለው። ይሄ መረረኝ። እንደ እሬት መረረኝ። ያን ጊዜ "ከማንኪያ ጫፍ አታሳልፊ" ያለችኝ መጣብኝ። በረከት አልነበረም የምትለካው።

የተበተነውን ጠርጌ በወረቀቱ ቋጠርኩት። ደጅ የሰፈሩ እሳት ገና ይጨስ ነበር። ሄጄ ቆምኩበት። አንድ ውርወራ ብቻ ነበር፤ ማንም አያውቅም፣ ሃኒ ትድናለች፣ እኔም የልጄን ገዳይ ዱጋሳ ነው እያልኩ እርሜን አወጣለሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምክንያቱን ልንገርሽ፦ የዱጋሳ እናት ናቸው። ስንቅ ለማድረስ ከእንጦጦ ሲወርዱ በደጄ ነው የሚያልፉት። እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ሌላ እናት ብትሆን ድንጋይ ትወረውር ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው "እንደምን አደርሽ? እግዜር ያጽናሽ" ብለውኝ ያልፋሉ። መጀመሪያ ማስመሰል ነው፣ ሊያባብሉኝ ነው ብዬ ጠርጥሬያቸው ነበር። ቆይቼ ሳይ ግን ሊያባብሉኝ አንድ ቀን ቆመው አያውቁም።

እንግዲህ እትዬ፣ አሁንም የማላውቀው ብዙ ነው፤ ያላወቅሁትንም እጠረጥራለሁ። ሃኒ ክኒኑን ከየት አገኘችው? ልምምድ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነው ወይስ ሌላ የሰጣት ሰው አለ? አካሉ በጆሮዋ ለምኗት ነው ወይስ ራሷ አዝና? ያ ኩባያውን አገላብጦ የሳቀው ሳቅ ያወቀ ሰው ሳቅ ነበር። ሁለቱ ተማክረው እኔን በመሐል አቁመውኝ ይሆን? ደግሞ አንቺን እጠረጥርሻለሁ። ነግራሻለች። ድምፅሽ ነግሮኛል። ነገሩ እስኪበርድ፣ የታሰረው ልጅ እስኪፈረድበት ደብቀሽ ልታቆያት አስበሽ እንደሆነ አላውቅም። ብታስቢም አልፈርድብሽም፤ እናት ነሽ። እኔም እሳቱ ዳር ቆሜ አስቤዋለሁ።

ግን አይሆንም። ዱጋሳ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አነሣለሁ። ያጠጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ከየት አገኘሽው ይሉኛል። "መንገድ ላይ ካገኘሁት መነኩሴ ነው" ልል ይቻለኝ ነበር፤ ይሄንንም አስቤዋለሁ። ያን ጊዜ መነኩሴ ይፈልጋሉ። ይህ ሰፈር ደግሞ ከፈለገ አያጣም፤ አንዱን ምስኪን ቆብ ያለው ሰው ይይዙና እኛም እናጨበጭባለን። ሌላ ሰው አላስይዝም። ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ፤ እውነቱን እናገራለሁ።

ይሄ ደብዳቤ ወጥመድ እንዳይመስልሽ። ሃኒን ለማስያዝ ብፈልግ ኖሮ ለፖሊስ እንጂ ላንቺ አልጽፍም ነበር። ጂንካ መስመር ለሚነዳው ለሁሴን በእጁ የሰጠሁት ሌላ ዓይን እንዳያየው ነው፤ አንቺ እጅ ካልሆነ ለማንም አይሰጥም፣ ለጋሼ ፀሐዬም ቢሆን። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሰዎች ተልከው መጥተው ከጓዳሽ ጎትተው ከሚያወጧት፣ በእግሯ ትምጣ። በራሷ አፍ ትናገር። ለአንድ ቀን እንዲያርፍ ብላ ያደረገችው መሆኑን እኔ አምናለሁ፤ አምናለሁ ስል ግን ከራሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ዓይኔን እያየች "አዝኜለት ነው" ካለችኝ ይበቃኛል። ካልመጣችም እኔ መሄዴ አይቀርም። ልጄን አጥቻለሁ፤ የሌላ እናት ልጅ በኔ ቃል እንዲጠፋ ግን አልፈቅድም።

በስልክ አትመልሺልኝ። ሁሴን ሲመለስ ወይ እሷን፣ ወይ አንድ ቃል ላኪልኝ።

ለጋሼ ፀሐዬ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሏን መስማቴን አትንገሪያቸው፣ ያፍራሉ። አማትሽን እማማ አካልነሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በጸሎታቸው አካሉን እንዳይረሱት በያቸው። ባርኮትን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጎበዝ ተማሪ ሁን ብላሃለች በይው። ከአጥር ወዲያ ያሉትን እነ የሎጤን፣ የጠየቀሽን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ለሃኒ ግን ሰላምታውን እንዲሁ አትንገሪያት፤ ይሄንን ቦታ አንብቢላት። ልጄ ሃኒ፣ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እንዳትፈሪ፤ ሰው የሚለውን ሁሉ እኔን ብሎኛል። አንቺ አዘጋጀሽው፣ እኔ አጠጣሁት፤ ከሁለታችን በቀር የነካው ሰው የለም። ሰኞ ሳይደርስ ድረሺ። ያንን የፖሊስ ጣቢያ በር ብቻሽን አትገቢም፤ እጅሽን ይዤ ከፊትሽ እኔ ነኝ የምገባው።

እህትሽ የማርያምወርቅ

ቀበና፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 25 ቀን 2008 ዓ.ም.